ጥላ ለበዛበት ጥግ፦ አንድ ማሰሮ ለአንድ ተክል

ጥያቄ፦ «ከቤቴ ጀርባ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። በዛፉና በአጥሩ ግድግዳ መካከል ያለው ቦታ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ቆፍሬ እንዳልተክል የዛፉ ሥር አላስቆፍር አለኝ። አበባቸውን አይቼ የገዛኋቸውን ተክሎች በማሰሮ ተክዬ ባስቀምጥም ብዙ ሳይቆዩ ጠወለጉ፤ ውሃ ግን አላጓደልኩባቸውም። አሁን ሦስት አራት ዓይነት ተክል በአንድ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አሰባስቤ ልሞክር አስቤአለሁ። ከታች ጠጠር አድርጊበት የሚሉኝም አሉ። በየጊዜው የማይተኩ፣ ለዓመታት የሚቆዩ ተክሎችን ይዤ ይህን ጥግ ዓይን የሚስብ ማድረግ እችላለሁ?»

ምላሽ፦ ይችላሉ። ዛፉ አላስቆፍር ማለቱም ለሁለታችሁ በጅቷል። ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን የዛፍ ሥሮች አብዛኞቹ የሚገኙት በላይኛው የአፈር ክፍል፣ ከገጹ ጀምሮ እስከ 30 ወይም 45 ሳንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ነው። እዚያ መቆፈር ዛፉን ያቆስለዋል፤ አፈር አምጥቶ በላያቸው መከመርም አየር ያሳጣቸዋል። ማሰሮ ከሁለቱም ያድናል። ካሰቡት ነገር አንዱን ግን ከወዲሁ ልቃወም፦ ሦስት አራት ዓይነት ተክል በአንድ ማሰሮ ውስጥ አያጭቁ። ለእያንዳንዱ ተክል የራሱን ማሰሮ ይስጡት፤ ስብስቡን ማሰሮዎቹን በማጠጋጋት ይሥሩት። ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር ከዚህ ምክር የሚነሣ ነው።

ተቀላቅሎ የተተከለ ማሰሮ የሚያምረው በአንድ ወቅት ተነቅለው ለሚጣሉ አበቦች ነው። ለዓመታት እንዲቆዩ የሚፈልጓቸው ተክሎች ግን አብረው ሲታጨቁ ፈጣኑ ዝግተኛውን ይውጠዋል። አንዱ እርጥበት ሲወድ ሌላው ደረቅ ማለት ይሻል፣ አንዱ ሲታመምም ሥራቸው ስለተቆላለፈ ሌሎቹን ሳይቆርጡ እሱን ማውጣት አይቻልም። በየራሳቸው ማሰሮ ተተክለው ቢጠጋጉ ግን ቅጠሎቹ የማሰሮዎቹን ከንፈር ስለሚሸፍኑ፣ የሚያይ ሰው የሚያየው አንድ የተያያዘ አረንጓዴ ነው። ከኋላ ግን እያንዳንዱ ብቻውን ይጠጣል፣ ብቻውን ይታከማል፣ ሲያስፈልግም ብቻውን ይነሣል።

ተክል ከመግዛትዎ በፊት ጥላዎን ይወቁ። ዓይናችን በዚህ ጉዳይ ታማኝ ምስክር አይደለም። ብሌኑ እየሰፋና እየጠበበ ልዩነቱን ስለሚያስተካክልልን፣ ለእኛ ደህና ብርሃን ያለው የሚመስለን ጥግ ለተክል ድቅድቅ ጨለማ ሊሆን ይችላል። በጠራ ሰማይ የቀትር ፀሐይ ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ይደርሳል፤ ጥቅጥቅ ካለ ዛፍ ሥር የሚወርደው ግን ከዚህ ውስጥ ከመቶ ጥቂት እጁ ብቻ ነው። መለኪያ መግዛት አያስፈልግም። ማሰሮው ይቀመጥበታል ባሉት ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት ያንጥፉና እጅዎን ከወረቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ጣቶችዎን ይዘርጉ። የጣቶችዎ ጥላ ጠርዙ ጥርት ብሎ ከታየ ቦታው ብዙ ብርሃን አለው። እጅ መሆኑ እየታወቀ ጠርዙ ከደበዘዘ መካከለኛ ጥላ ነው። ወረቀቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ቅርጽ ካልወጣ ከባድ ጥላ ነው፤ እዚያ የሚኖሩት ጥቂት ጽኑ ተክሎች ብቻ ናቸው። ይህን ጠዋት፣ ቀትር ላይ እና ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ያድርጉት፤ ከግንዱ አጠገብም፣ የቅርንጫፎቹ ጫፍ ከሚያጠላበት ቦታም፣ ከግድግዳው ሥርም። አንድ ጥላ የመሰለዎት ጥግ ሦስት ዓይነት ጥላ ሆኖ ያገኙታል።

ጥቂት የጠዋት ፀሐይ የምታገኝ ቁራጭ ቦታ ካገኙ ጠብቀው ይያዟት። የጠዋት ፀሐይ ለስላሳ ናት። የከሰዓት በኋላዋ ግን አየሩም ማሰሮውም ከሞቀ በኋላ ስለምትመጣ የጥላ ተክሎችን ቅጠል ታቃጥላለች።

ወደ ጠወለጉት ተክሎች ልምጣ። ውሃ አለማጓደልዎ ራሱ ሳይሆን አይቀርም የገደላቸው። ለሽያጭ የሚቀርቡ አበባማ ተክሎች ብዙ ጊዜ የሚያድጉት በደማቅ ብርሃን ነው። በድንገት ወደ ጥላ ሲገቡ የማያስፈልጋቸውን ቅጠል ያረግፋሉ፤ ባለቤቱም ደንግጦ ውሃ ይጨምራል። በጥላ ውስጥ ያለ ተክል ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው፤ ቅጠሉም አፈሩም እርጥበት የሚያጡት ቀስ ብለው ነው። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሠራጨው በአየር ውስጥ ከሚሠራጭበት ፍጥነት ወደ 10,000 ጊዜ ያህል ቀንሶ ስለሆነ፣ ዘወትር ውሃ በሞላው አፈር ውስጥ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ሥር የሌለው ተክል ውሃ መሳብ ስለማይችል በእርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠወልጋል፤ ያኔ ሌላ ጣሳ ውሃ ይጨመርበታል። ከቀሩት አንዱን ከማሰሮው ያውጡና ሥሩን ይመልከቱ። ጤነኛ ሥር ጠንካራ ነው፣ ብዙ ጊዜም ነጣ ያለ። ቡናማ ሆኖ በጣት ሲጫኑት የሚላጥና የሚሸት ከሆነ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው። የበሰበሰውን ቆርጠው በአዲስ አፈር፣ በጠበብ ባለ ማሰሮ ቢተክሉት አንዳንዱ ይተርፋል።

የጠጠሩ ምክር በብዙ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ከልቤ ነው የምቃወመው። በማሰሮ ግርጌ ጠጠር መደርደር ውሃ አያስወጣም። በደቃቅ አፈርና በጠጠር መካከል ያለው ወሰን ላይ ውሃው ይቆማል፤ አፈሩ በደንብ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ጠጠሩ አይወርድም። ስለዚህ የረጠበው ክፍል ከግርጌው ተነሥቶ ወደ ሥሩ ይጠጋል፤ ለሥር የሚሆነውም ቦታ ይቀንሳል። ይህን ለማየት አራት ማዕዘን የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይበቃል። ስፖንጁን ውሃ ውስጥ ነክረው በጀርባው አጋድመው ያንሡት፤ ጥቂት አንጠባጥቦ ያቆማል። ከዚያ ሳይጨምቁት በጠባብ ጎኑ ያቁሙት። እንደገና ይንጠባጠባል። ስፖንጁ ያው ነው፣ ውሃውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። በማንኛውም ማሰሮ ግርጌ በውሃ የተሞላ ክፍል ይቀራል፤ የዚያ ክፍል ከፍታ የሚወሰነው በአፈሩ ዓይነት እንጂ በማሰሮው ቁመት አይደለም። ረጅም ማሰሮ ከዚያ በላይ ብዙ አየር ያለው አፈር ይተርፈዋል፣ አጭሩ ግን ሊተርፈው የሚችለው ጥቂት ነው። ለጥላ ቦታ ረዘም ያለ ማሰሮ የምመርጠውም ለዚህ ነው። አፈሩ በቀዳዳው ታጥቦ እንዳይወጣ ከሰጉ አንድ ቁራጭ ወንፊት በቂ ነው።

አፈሩም ከግቢ ተዝቆ የመጣ አፈር ብቻ መሆን የለበትም። መሬት ላይ መልካም የሆነ አፈር ማሰሮ ውስጥ ሲገባ በየውሃው እየተጠቀጠቀ ይጠጥራል። ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ የቅጠል ብስባሽ ወይም የኮኮናት ቃጫ፣ አንድ እጅ ደግሞ ሻካራ አሸዋ፣ ፐርላይት (ነጭና ቀላል የማሰሮ ጠጠር) ወይም የተፈጨ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቢቀላቅሉ ለአብዛኞቹ የጥላ ተክሎች ይስማማል። አሸዋው ሻካራ ይሁን። ደቃቁ አሸዋ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍነውና ከበፊቱ የባሰ ያደርገዋል።

ስለ ማሰሮው ዓይነት ብዙ አልልም። የሸክላው በግድግዳው በኩል ስለሚተነፍስ እርጥበት ለሚበዛበት ጥላ ጥሩ ነው፤ የፕላስቲኩ ውሃ ስለሚያቆይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ለማንሣት ግን ይቀላል። እርጥብ የማሰሮ አፈር በሊትር አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን 40 ሊትር የሚይዝ ማሰሮ ከ40 ኪሎ ያላነሰ ይሆናል። ትልቁን ቦታው ላይ አስቀምጠው ይሙሉት፤ ካልሆነም ጎማ ያለው ማስቀመጫ ያድርጉለት። ሁሉም ማሰሮዎች በጡብ ቁራጭ ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበሉ። ይህን የምለው ለመልክ አይደለም። በዛፍ ሥር መሬት የነካ ማሰሮ ውስጥ የዛፉ ሥር በቀዳዳው ይገባል፤ ያስቀመጡትን ብስባሽና ውሃ ዛፉ ይጠጣዋል፣ ማሰሮውም ከመሬቱ ጋር ይጣበቃል።

አሁን ወደ ምርጫው። በጥላ ውስጥ ውበቱን የሚሠራው ቅጠል ነው። አበባ ብርሃን የሚጠይቅ ድግስ ነው፤ ጥላ የለመደ ተክል አበባው ጥቂት ነው፣ ቢያብብም ለጥቂት ሳምንታት ነው። ቅጠሉ ግን ከወር እስከ ወር ፊትዎ ላይ ነው። ስለዚህ ሲገዙ አበባውን በእጅዎ ይከልሉና ይመልከቱ፤ ያለ አበባው የማይማርክ ከሆነ ይለፉት።

የቅጠል ስብስብ የሚያምረው በልዩነት ነው። ሰፊና ልሙጥ ቅጠል፣ የተሰነጣጠቀ ደቃቅ ቅጠል፣ ረጅምና ቀጭን ቅጠል፤ እነዚህ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ሌላውን ያጎላል። ሁሉም መካከለኛ መጠን ያላቸው ተክሎች ሲሰበሰቡ ግን የቱንም ያህል ውድ ቢሆኑ ከሦስት እርምጃ ርቀት ሲታዩ የተዘበራረቀ ቁጥቋጦ ይመስላሉ።

ከሰፋፊዎቹ መካከል ለከባድ ጥላ የምተማመነው በአስፒዲስትራ ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ ቁመቱ ከግማሽ ሜትር የሚበልጥ፣ ቅጠሉ አንድ በአንድ ከአፈር የሚወጣ ተክል ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ውሃ ቢረሱት ይታገሣል። አበባው አፈሩ ላይ ተጣብቆ ስለሚወጣ ብዙ ባለቤቶች አይተውት አያውቁም። ሙቀት ባለበት አካባቢ የወፍ ጎጆ የሚመስለው አስፕሌኒየም ፈርንም (ፈርን አበባ የማያወጣ ቅጠላማ ተክል ነው) ሰፊ ቅጠል ከሚያስፈልግበት ቦታ ይገባል። ሆስታ በጥላ ተክሎች ዘንድ ዝነኛ ናት፤ ማሰሮም ይስማማታል። የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ ተወላጅ ስለሆነች ግን በየዓመቱ ለሳምንታት የሚዘልቅ ጠንካራ ብርድ አግኝታ መተኛት አለባት። እንቅልፉን ካላገኘች ከዓመት ዓመት እየኮሰመነች ትሄዳለች። ዓመቱን ሙሉ ሞቅ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው ሆስታን በፎቶግራፍ አይቶ ባይመኛት ይሻላል።

ደቃቅ ቅጠል ከፈለጉ ፈርኖች አሉ። ኔፍሮሌፒስ በፍጥነት ይሞላል፣ ከፍ ባለ ማስቀመጫ ላይ ሆኖ ሲወርድ ያምራል። አዲያንተም ከሁሉም ያምራል፤ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አፈሩ ጨርሶ ከደረቀ ቅጠሉ በሙሉ ይኮማተራል፤ ብዙ ለሚጓዝ ሰው አልመክረውም። ብርዳማ አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ብርማ ቅጠል ያለውን የጃፓን ፈርን የሚወዳደር አላውቅም። ለረጃጅሞቹ ሊሪዮፔ፣ ኦፊዮፖጎን፣ ክሎሮፊተም እና ክሊቪያ አሉ። ከደቡባዊ አፍሪካ የመጣው ክሊቪያ ለእርስዎ ጥግ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ጥቁር አረንጓዴ ረጃጅም ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል፤ ለጥቂት ሳምንታት ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ ዕረፍት ካገኘ በኋላም ብርቱካናማ አበባውን በእቅፍ ያወጣል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የቼክ ተወላጁ ሐኪም ያን ኤቫንጌሊስታ ፑርኪኔ በ1819 እንዳስተዋለው፣ ብርሃን እየደከመ ሲሄድ ዓይናችን ቀይን ቀድሞ ይሥታል፣ ሰማያዊና አረንጓዴን ግን ከዚያም በኋላ ማየቱን ይቀጥላል። ቀይ አበባ በምሽት ጥቁር የሚመስለን ለዚህ ነው። ጥላውም በከበደ መጠን ቀይና ሐምራዊ ቅጠል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከሩቅ ሲያዩት በስብስቡ መካከል የተከፈተ ቀዳዳ ይመስላል። ነጭ፣ ብርማ፣ ቢጫና ፈዛዛ አረንጓዴ ግን ከጨለማው ውስጥ ወደ ፊት ይወጣሉ። ሂውከራ የሚባለውን ሐምራዊ ቅጠል ያለው ተክል ወይም ጥቁሩን ኦፊዮፖጎን ከወደዱ አይተዉት፤ ግን ከፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር ያስቀምጡት፤ ከጀርባውም ቢጫ ወይም ፈዛዛ ቅጠል ይሁን።

ነጭ ዝንጉርጉር ቅጠል ግን ዋጋ ያስከፍላል። ነጩ ክፍል ክሎሮፊል (ብርሃን የሚይዘው አረንጓዴ ቀለም) ስለሌለው ምግብ አይሠራም፤ አረንጓዴው ክፍል ብቻውን ሁለቱንም ይመግባል። ስለዚህ ዝንጉርጉሩ ተክል ከአረንጓዴ ዘመዱ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል፤ ከባድ ጥላ ውስጥ ካስገቡትም ዝንጉርጉርነቱን ትቶ ወደ አረንጓዴ ሊመለስ ይችላል። ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የወጣ ቅርንጫፍ ካዩ ከሥሩ ይቁረጡት፤ ጉልበታም ስለሆነ ካልተቆረጠ ተክሉን በሙሉ ይወርሰዋል። ብርማው ነገር ለየት ይላል። የአንዳንድ ቤጎኒያዎች ብርማ ነጠብጣብ የሚመጣው ከቅጠሉ ቆዳ ሥር ካለ የአየር ክፍተት ነው፤ ከሥሩ ክሎሮፊሉ በቦታው አለ። ስለዚህ ለጨለማ ጥግ ብርሃን የሚጨምር ነገር ሲፈልጉ ከነጩ በፊት ብርማውን ይሞክሩ።

አደራደሩን በተመለከተ፣ ቁጥራቸው ጎዶሎ ይሁን የሚለውን የአትክልተኞች ደንብ ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ የማሰሮዎቹ ቀለም ነው። ቅጠሎቹ ይለያዩ፣ ማሰሮዎቹ ግን ይመሳሰሉ። ሁሉም ሸክላ፣ ወይም ሁሉም ፈዛዛ ግራጫ። ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ማሰሮዎች በተሰበሰቡበት ጥግ ዓይን የሚያየው ማሰሮውን ነው። ጥቂት ትላልቅ ማሰሮዎችም ከብዙ ትናንሾች ይሻላሉ፤ ትናንሾቹ ቶሎ ይደርቃሉ፣ ሲታዩም የተረሱ ዕቃዎች ይመስላሉ።

ግድግዳው ጥቁር ከሆነ ነጣ ባለ ቀለም ይቀቡት። ከምትገዙት ተክል ሁሉ በፊት ይህ ይቅደም ብል አላጋነንኩም፤ ነጭ ግድግዳ ያለውን ጥቂት ብርሃን ወደ ተክሎቹ ጀርባ ይመልሳል፣ የቅጠሎቹንም ቅርጽ አጉልቶ ያሳያል። ከግድግዳው ፊት አስፒዲስትራውን ወይም ሌላ ረጅም ተክል ያቁሙ፤ ማሰሮውን በተገለበጠ ሌላ ማሰሮ ወይም በጡብ ላይ ከፍ ያድርጉት። ከፊቱና ከጎኑ፣ መሃል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ወገን አድልተው፣ ኔፍሮሌፒስ ያስቀምጡ፤ የሚወርደው ቅጠሉ የኋለኛውን ማሰሮ ከንፈር ይሸፍን። በሌላው ወገን ክሊቪያ። ዝቅ ብሎ ከፊት ብርማ ቤጎኒያ፣ ዳር ላይ ደግሞ እየተንጠለጠለ የሚወርድ ክሎሮፊተም። አምስት ማሰሮ ነው፤ ለጅማሬ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። በመካከላቸው እጅና የውሃ ማጠጫ የሚገባበት ክፍተት መተው ግን አይርሱ። ከኋላ ያለው ማሰሮ ውሃ ሊጠጣ ሌሎቹ ሁሉ መነሣት ካለባቸው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የኋለኛው ሳይጠጣ ይቀራል።

የአንድ ማሰሮ ለአንድ ተክል አሠራር ትልቁ ጥቅም የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ከዋናው ጥግ ሌላ፣ ሰው የማያየው ግን ብርሃኑ የተሻለ አንድ ማረፊያ ቦታ ያዘጋጁ። ያንን የጠዋት ፀሐይ ቁራጭ ለዚህ ያውሉት። ያበበ ነገር ሲኖር ወደ ዋናው ጥግ ይመጣል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይታያል፣ አበባው ሲረግፍ ጉልበቱን እንዲመልስ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። ቅጠላቸው የሳሳ፣ የገረጣ ወይም ወደ ብርሃን የተንጠራራ ተክሎችም እዚያ ይታከማሉ። መሬት ላይ የተተከለ የአትክልት ቦታ ይህን ማድረግ አይችልም። ከጥላ ወደ ብርሃን ሲያወጡ ግን በአንድ ጊዜ አይሁን፤ ጥላ የለመደ ቅጠል ፀሐይ ድንገት ስትመታው በጥቂት ቀናት ውስጥ የነጣና የደረቀ ቁስል ያወጣል፣ ቁስሉም አይሽርም። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ቀስ በቀስ ያላምዱት።

በግድግዳ አጠገብ ብርሃን የሚመጣው ከአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ተክሎቹ ወደዚያ ያጋድላሉ። የእድገት ቅመሙ ኦክሲን በጨለማው ወገን ስለሚበዛ በዚያ በኩል ያለው ግንድ ይበልጥ ይረዝማል፤ ተክሉም ይታጠፋል። በየሳምንቱ ማሰሮውን ሩብ ዙር ማዞር ይበቃዋል።

ውሃ ሲያጠጡ ቀን አይቁጠሩ። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። ወይም ማሰሮውን በትንሹ ያንሡት፤ ውሃ የጠገበውንና የቀለለውን ክብደት እጅዎ ብዙም ሳይቆይ ይለየዋል። ሲያጠጡ ከግርጌው እስኪወጣ ድረስ ያጠጡ፤ በማስቀመጫው ሳህን የቀረውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይድፉ። ሳህን ውስጥ የሚቆይ ውሃ ሥሩን ከማፈኑም በላይ በሞቃት ወቅት በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ትንኝ ያፈራል። ዝናብ ዘንቧል ብለውም አይዘናጉ፤ የዛፉ ቅጠልና ግድግዳው ዝናቡን ስለሚከልሉ በደህና ዝናብ ማግስት ማሰሮዎቹ ደረቅ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። አፈሩ ጨርሶ ደርቆ ከሆነ ደግሞ ውሃው በማሰሮው ጠርዝ ሾልኮ በግርጌ ይወጣል እንጂ አፈሩ አይጠጣውም። ያኔ ማሰሮውን ውሃ በያዘ ገንዳ ውስጥ አስገብተው አረፋው እስኪያቆም ድረስ ይተዉት።

ማዳበሪያ በጥላ ውስጥ በመጠኑ ነው። በዝግታ የሚያድግ ተክል የሚበላው ጥቂት ስለሆነ በእሽጉ ላይ ከተጻፈው ግማሹን፣ ያውም አዲስ ቅጠል በሚያወጣበት ጊዜ ብቻ ይስጡት። የተረፈው ጨው ሆኖ አፈሩ ውስጥ ይከማችና የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥላል። ይልቅ አቧራውን ይጥረጉለት። በጥላ ውስጥ ላለ ተክል በቅጠሉ ላይ የተቀመጠ አቧራ የተሰረቀ ብርሃን ነው። የአስፒዲስትራንና የክሊቪያን ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ጠጉራም ቅጠል ያላቸውን ግን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ።

ከተባዮች ቀንድ አውጣና ቅርፊት የሌለው ዘመዱ ቀን ቀን ከማሰሮው ግርጌ ይደበቃሉ፤ ማሰሮውን አንሥቶ መልቀም ከመድኃኒት ይቀድማል። ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ሥር የሚበላው የነቀዝ እጭ ነው። የቅጠል ጠርዝ በግማሽ ክብ ተቀርድዶ ካዩ ጎልማሳው ነቀዝ ሌሊት መጥቷል ማለት ነው። እጩ ደግሞ ክሬማ መልክ ያለው፣ ራሱ ቡናማ፣ ሰውነቱ የተቆለመመ ትል ሆኖ አፈር ውስጥ ይቀመጣል። ሂውከራን በጣም ይወዳል፤ ተክሉ ሲጠወልግ ቀስ ብለው ሲስቡት ያለ ሥር እጅዎ ላይ ይቀራል። በሌሎቹ ማሰሮዎች ሁሉ ከመዛመቱ በፊት አፈሩን አራግፈው እጮቹን ይልቀሙ። በአንድ ማሰሮ አብረው ቢሆኑ ኖሮ ይህን ማድረግ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ይገምቱ።

ሕፃናት ወይም የቤት እንስሳት ካሉ መርዛማነትን ያስቡበት። ለጥላ የሚመረጡት ስፓቲፊለምና ካላዲየም የተባሉ ተክሎች በውስጣቸው ያሉት የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌዎች አፍና ጉሮሮ ያቃጥላሉ፤ ክሊቪያም ከተበላ መርዛማ ነው፤ ሆስታ ድመትንና ውሻን ታሳምማለች። አስፒዲስትራ፣ ኔፍሮሌፒስና ክሎሮፊተም ግን ለእነዚህ እንስሳት መርዛማ አይደሉም፤ ክሊቪያውንና ቤጎኒያውን በመተው ስብስቡን በእነሱ ላይ መመሥረት ይቻላል።

ውሃ በረዶ በሚሆንበት ብርዳማ አካባቢ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። መሬት ውስጥ ያለን ሥር አፈሩ ይጠብቀዋል፤ ማሰሮ ውስጥ ያለን ሥር ግን ብርዱ በዙሪያው ሁሉ ያገኘዋል። ስለዚህ ለአካባቢያችሁ ብርድ ጽኑ የሚባለው ተክል ማሰሮ ውስጥ ሲሆን ጽናቱ ይቀንሳል። በብርዱ ወራት ማሰሮዎቹን ከግድግዳ ጋር አጠጋግታችሁ በጆንያ ወይም በገለባ ሸፍኗቸው፤ ውሃውንም ቀንሱ።

ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ሥሩ ማሰሮውን ይሞላዋል። ውሃ ሲያጠጡት ወዲያው በግርጌ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ሥር በቀዳዳው ብቅ ካለ ጊዜው ደርሷል። አዲሱ ማሰሮ ከበፊቱ ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይስፋ፤ በጣም ሰፊ ከሆነ ሥር ያልደረሰበት አፈር በጥላው ውስጥ ሳይደርቅ ከርሞ ይበሰብሳል። ትልቅ ማሰሮ ካልፈለጉ ተክሉን አውጥተው በስለታም ቢላዋ ለሁለት ይክፈሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል ሥርና ቅጠል ይኑረው፤ አንዱን በዚያው ማሰሮ በአዲስ አፈር ይመልሱ፣ ሌላውን በማረፊያው ቦታ ያሳድጉ። ኔፍሮሌፒስ፣ ሊሪዮፔ፣ ክሎሮፊተምና አስፒዲስትራ ይህን በቀላሉ ይቀበላሉ፤ አስፒዲስትራ ብቻ ከዚያ በኋላ ለመነሣት ብዙ ወራት ይፈጅበታል። ክሊቪያን ግን ማሰሮውን እስኪሰነጥቅ ድረስ አይንኩት፤ በጠበበ ማሰሮ ውስጥ ነው በደንብ የሚያብበው።